አንጀት የተዋጠውን መድኃኒት ለምን ይመልሳል? በጤናማ የምግብ መፍጫ አካላት ስላሉ አስወጪ ፕሮቲኖች

የተዋጠ እንክብል ጨጓራን አልፎ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ይሟሟል፤ መድኃኒቱም ከአንጀቱ ግድግዳ ሴሎች ጋር ይገናኛል። ከዚያ በኋላ ሰርጎ ደም ውስጥ ይገባል ብለን ነው በአብዛኛው የምናስበው። ለብዙ መድኃኒቶች ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ወደ ሴሉ የዘለቀው መድኃኒት ደም ጋ ሳይደርስ ተይዞ፣ ወደ መጣበት የአንጀት ክፍተት ተገፍቶ ይወጣል። ገፍተው የሚያስወጡት በሴሉ ሽፋን ላይ የተተከሉ፣ ጉልበት እየበሉ የሚሠሩ ፕሮቲኖች ናቸው።

እነዚሁ ፕሮቲኖች በካንሰር ሕክምና በክፉ ይነሣሉ። ኬሞቴራፒ አልሠራ ሲል ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ የዕጢው ሴሎች መድኃኒቱን በእነዚህ ፓምፖች እያወጡ መጣላቸው ነው። በዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ፓምፖቹን የካንሰር ሴል ራሱን ለማዳን የፈጠራቸው አድርጎ ይረዳቸዋል። አይደሉም። ጤናማው አንጀት፣ ጉበት፣ ቆሽትና ኩላሊት ዕጢ ከመብቀሉ በፊትም ነበሯቸው፤ ዘወትርም ይሠሩባቸዋል። ይህን ሳያውቁ የዕጢ ምርመራ ውጤት ማንበብም ሆነ ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ ማዘዝ ለስሕተት ይዳርጋል።

ከሃምስተር ሴል እስከ ሰው አንጀት

በ1976 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጁሊያኖና ሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ኮልቺሲን የተባለውን መድኃኒት የተላመዱ የሃምስተር እንቁልጢ ሴሎችን ያጠኑ ነበር። ሴሎቹ የተላመዱት አንድ መድኃኒት ሆኖ ሳለ፣ በኬሚካል አሠራራቸው ከእሱ ጋር የማይዛመዱ ሌሎች መድኃኒቶችንም ይቋቋሙ ነበር። በሽፋናቸው ላይ 170 ኪሎዳልተን (ዳልተን የሞለኪዩል ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ የሚመዝን ፕሮቲን በብዛት ተገኘ፤ ፒ-ግላይኮፕሮቲን ተባለ። ጂኑ ዛሬ ኤቢሲቢ1 ይባላል፤ በቀድሞ ስሙ ኤምዲአር1 የሚጠሩትም ብዙ ናቸው። በ1992 ከሳንባ ካንሰር ሴሎች ኤምአርፒ1 ተለየ፤ በ1998 ደግሞ ከጡት ካንሰር ሴሎች ቢሲአርፒ ተገኘ። ሦስቱም ኤቢሲ በተባለው የአጓጓዥ ፕሮቲኖች ቤተሰብ ውስጥ ይመደባሉ፤ ሰው የዚህ ቤተሰብ 48 ጂኖች አሉት።

ጤናማው አካል በትኩረት የታየው በ1987 ነው። ፒ-ግላይኮፕሮቲንን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን መርጦ የሚጣበቅ ሌላ ፕሮቲን) ተዘጋጅቶ በጤናማ የሰው አካላት ናሙና ላይ ሲሞከር፣ ፕሮቲኑ በየቦታው የተበተነ ሳይሆን የተመረጡ ቦታዎች ላይ የተቀመጠ ሆኖ ተገኘ፦ በጉበት ሴሎች መካከል ሐሞት በሚፈስበት ጠባብ መተላለፊያ፣ በቆሽት ትንንሽ ቱቦዎች፣ በኩላሊት ቱቦዎች፣ በአድሬናል ዕጢ (ካንሰር ሳይሆን ከኩላሊት በላይ ያለ ጤናማ ሆርሞን አመንጪ አካል)፣ በትንሹና በትልቁ አንጀት የሽፋን ሴሎች ላይ። ከአድሬናል ዕጢ በስተቀር ሁሉም አንድ ነገር ይጋራሉ፤ ሰውነት ነገሮችን ወደ ውጭ የሚያስወጣባቸው ወይም ከውጭ የሚመጣውን የሚጠብቅባቸው ገጾች ናቸው።

ፓምፑ እንዴት ይሠራል

ፒ-ግላይኮፕሮቲን 1280 አሚኖ አሲዶች ያሉት አንድ ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ የሴሉን ሽፋን 12 ጊዜ እየበሳ ያልፋል፤ በሴሉ ውስጠኛ በኩል ደግሞ ኤቲፒ የሚያዝባቸው ሁለት ቦታዎች አሉት። ኤቲፒ የሴል ጉልበት መሆኑ ይታወቃል። መድኃኒቱ ወደ ውስጥ በተከፈተው ሰፊ ኪስ ውስጥ ሲያርፍና ኤቲፒ ሲያዝ፣ ሁለቱ የፕሮቲኑ ግማሾች ይገጥማሉ፤ ኪሱ ወደ ውጭ ይከፈትና መድኃኒቱ ይለቀቃል። ኤቲፒው ተሰብሮ ፓምፑ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል።

ኪሱ ሰፊና ተለማጭ በመሆኑ አንድ ዓይነት ቅርጽ ብቻ አይመርጥም። ውሃን የሚሸሹ፣ ስብ የሚወዱ፣ ብዙውን ጊዜ ከ300 ዳልተን በላይ የሚመዝኑ ነገሮችን ይይዛል፦ የካንሰር መድኃኒቶቹን ዶክሶሩቢሲን፣ ቪንክሪስቲንና ፓክሊታክሰል፣ የልብ መድኃኒቱን ዲጎክሲን፣ የተተካ አካል እንዳይገፋ የሚሰጡትን ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስ፣ የተቅማጥ ማስታገሻውን ሎፐራማይድ፣ የሪህ መድኃኒቱን ኮልቺሲን። የሚይዛቸውም በአብዛኛው ገና በሽፋኑ ስብ ውስጥ እያሉ ነው፤ ወደ ሴሉ እምብርት እስኪዘልቁ አይጠብቅም።

ቢሲአርፒ ከዚህ ግማሽ ያህላል፤ 655 አሚኖ አሲድ ስለሆነ ብቻውን አይሠራም፣ ሁለት ሁለት እየሆነ ይጣመራል። ቶፖቴካን፣ ሚቶክሳንትሮን፣ ሜቶትሬክሴት፣ ሮሱቫስታቲን፣ ሰልፋሳላዚን ከሚያስወጣቸው መካከል ናቸው። የኤምአርፒ1 ዘመድ የሆነው ኤምአርፒ2 ደግሞ በተለይ ጉበትና አንጀት አንዴ ያዘጋጇቸውን፣ ማለትም ከግሉኩሮኒክ አሲድ ወይም ከግሉታታዮን ጋር ያጣበቋቸውን ቆሻሻዎች ያወጣል።

ወደ የት ነው የሚያስወጡት?

በዚህ ርዕስ ላይ ከሚታዩት ስሕተቶች ሁሉ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

የአንጀት ሴል ሁለት ፊት አለው። አንዱ ምግብ ወደሚያልፍበት ክፍተት ያያል፤ ይህ ገጽ ጥቃቅን ብሩሽ መሰል ቅጥያዎች አሉት። ሌላው ከጎንና ከሥር ሆኖ ወደ ደም ሥሮች ያያል። ፒ-ግላይኮፕሮቲን፣ ቢሲአርፒና ኤምአርፒ2 የሚቀመጡት በመጀመሪያው ፊት ላይ ስለሆነ መድኃኒቱን ወደ አንጀት ክፍተት ይመልሳሉ። ኤምአርፒ1ና ኤምአርፒ3 ግን በደም በኩል ባለው ፊት ላይ ናቸው፤ ከሴሉ የሚያስወጡት ነገር ወደ ደም ይገባል። ሁሉም በጅምላ የመድኃኒት መቋቋም ፕሮቲኖች ይባላሉ፤ በአንጀት ላይ ያላቸው ውጤት ግን ተቃራኒ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሲበዙ ወደ ደም የሚገባው መድኃኒት ይቀንሳል፤ ኤምአርፒ3 ሲበዛ ለአንዳንድ ነገሮች ወደ ደም የሚያሻግር መንገድ ይሰፋል። በቱቦ ውስጥ ብቻውን ለሚንሳፈፍ የካንሰር ሴል ሁለቱም ያው ናቸው፤ ሁለቱም መድኃኒቱን ከሴሉ ያወጣሉ። ፊትና ጀርባ ላለው ሴል ግን የፓምፑ ቦታ ከብዛቱ እኩል ይመዝናል። ስለዚህ አንድ የምርመራ ውጤት እገሌ የተባለው ፕሮቲን አለ ብሎ ብቻ ካለፈ ጎደሎ ነው፤ በየትኛው ፊት ላይ እንዳለ መናገር አለበት።

በምግብ ቧንቧው ርዝመት ስንሄድም ስርጭቱ አንድ ዓይነት አይደለም። የጉሮሮ ሽፋን ድርብርብ ጠፍጣፋ ሴሎች ስለሆነ መምጠጥ ሥራው አይደለም፤ ፒ-ግላይኮፕሮቲንም እዚያ ብዙም የለም። በጨጓራም ዝቅተኛ ነው። ከዱኦዲነም (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ጀምሮ ወደ ታች ወደ አይሊየም (የትንሹ አንጀት መጨረሻ) ስንወርድ እየጨመረ ይሄዳል፤ በትልቁ አንጀትም በላይኛው ሽፋን ሴሎች ላይ ይገኛል። ቢሲአርፒ በተቃራኒው በላይኛው የትንሹ አንጀት ክፍል ከፍ ብሎ ወደ ፊንጢጣ ሲቃረብ ይቀንሳል። ኤምአርፒ2ም የላይኛው የትንሹ አንጀት ነው፤ በትልቁ አንጀት እጅግ አነስተኛ ነው። ኤምአርፒ3 ግን በትልቁ አንጀት ይጎላል። ቀስ እያለ እንዲለቀቅ የተሠራ እንክብል መድኃኒቱን የሚያራግፈው ታች፣ ፒ-ግላይኮፕሮቲን በበዛበት ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ያው መድኃኒት በተራ እንክብልና በዘገምተኛው ሲሰጥ የተለያየ መጠን ደም የሚገባበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በአንድ ቦታም ቢሆን ሁሉም ሴል እኩል የለውም። ትንሹ አንጀት ቪላይ በሚባሉ ጣት መሰል እጥፋቶች የተሸፈነ ነው፤ በመካከላቸው ክሪፕት የሚባሉ ጉድጓዶች አሉ። ሴሎች ከጉድጓዱ ተወልደው ወደ ጫፍ ይወጣሉ፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜም ጫፍ ደርሰው ይረግፋሉ። ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚታየው ወደ ጫፍ በደረሱት፣ በበሰሉት ሴሎች ላይ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት ወጣት ሴሎች እምብዛም የላቸውም።

ባይኖሩ ምን ይሆን ነበር?

በ1994 የታተመ ሥራ መልሱን በአይጥ ላይ አሳይቷል። ፒ-ግላይኮፕሮቲን ከሚሠሩት የአይጥ ጂኖች አንዱ እንዳይሠራ የተደረጉ አይጦች ሲታዩ ጤነኞች ነበሩ፤ ይራባሉ፣ ያድጋሉ። ቅማል መሰል ተባይ ለማጥፋት አይቨርሜክቲን ሲረጭባቸው ግን እነሱ ብቻ ሞቱ። መድኃኒቱ ወደ ሰውነታቸው ገብቶ፣ አንጎልን የሚጠብቀው ፓምፕ ስለሌለ አንጎላቸው ውስጥ ከጤነኞቹ በብዙ አሥር እጥፍ ተከማችቶ ነበር። ኮሊ በተባለው የውሻ ዝርያ የሚታየው የአይቨርሜክቲን መመረዝም ምክንያቱ ያው ነው፤ በጂኑ ላይ የአራት ፊደል መጉደል።

እነዚያው አይጦች በ1998 በወጣ ጥናት ሌላ ነገር አሳዩ። በንጹሕ ቤት ተጠብቀው ሳለ፣ ማንም ሳይነካቸው ትልቁ አንጀታቸው ይቆጣ ጀመር። አንቲባዮቲክ ሲሰጣቸው ቁጣው ይከላከል ነበር። ፓምፑ ከመድኃኒት በላይ የሆነ ሥራ አለው ማለት ነው፤ የአንጀት ባክቴሪያ የሚያመነጨው ነገር ሽፋኑን እንዳያውክም ያግዛል። ቢሲአርፒ የጎደላቸው አይጦች ደግሞ ቆዳቸው በብርሃን ይቆስል ነበር፤ የበሉት ሣር ውስጥ ያለው አረንጓዴ ቀለም ሲፈርስ የሚተርፈው፣ በብርሃን የሚቆጣ ንጥረ ነገር ወደ ደማቸው እየገባ ስለነበር ነው። በጤነኛው አይጥ አንጀት ይመልሰዋል።

በሰው ላይ ግልጽ የሆነው ምሳሌ የዱቢን-ጆንሰን ሕመም ነው። ኤምአርፒ2 ከመወለድ የጎደለው ሰው ጉበቱ ያዘጋጀውን ቢሊሩቢን (ከቀይ ደም ሴሎች መፍረስ የሚተርፍ ቢጫ ቆሻሻ) ወደ ሐሞት ማስወጣት ይሳነዋል፤ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ጉበቱም ይጠቁራል። ሆኖም ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አያስከትልም፤ ምክንያቱም ኤምአርፒ3 በደም በኩል ባለው ፊት ላይ ጨምሮ ቢሊሩቢኑን ወደ ደም ይመልሰዋል፤ ኩላሊትም ያወጣዋል።

መጠን፣ ኢንዛይምና የሚጠግብ ፓምፕ

ፓምፑ ብቻውን አይሠራም። ጫፍ ላይ ባሉት ሴሎች ውስጥ መድኃኒትን የሚሰብረው ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለ ኢንዛይም አለ፤ ከፒ-ግላይኮፕሮቲን ጋር የሚጋሯቸው መድኃኒቶችም ብዙ ናቸው። ፓምፑ መድኃኒቱን ወደ ክፍተቱ ሲመልሰው መድኃኒቱ ዝቅ ብሎ እንደገና ይገባል፤ እንደገና ይመለሳል። በር ላይ በተመለሰ ቁጥር ፍተሻውን እንደ አዲስ እንደሚያልፍ ሰው፣ በገባ ቁጥር ከኢንዛይሙ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ የሁለቱ ጉዳት ተደምሮ ሳይሆን ተባዝቶ ይታያል። ፓክሊታክሰል በአፍ ሳይሆን በደም ሥር የሚሰጥበት ዋና ምክንያት ይኸው ጥምረት ነው።

ታዲያ የፓምፑ ደንበኛ የሆነ መድኃኒት ሁሉ በአፍ አይሰጥም ማለት ነው? አይደለም። ፓምፕ ይጠግባል። በብዙ መቶ ሚሊግራም የሚሰጥ፣ በደንብ የሚሟሟ መድኃኒት አንጀት ውስጥ ከፍተኛ ክምችት ስለሚፈጥር ፓምፖቹ ሁሉ ተይዘው የተረፈው ያልፋል። ችግሩ የሚብሰው በጥቂቱ በሚሰጡት፣ በደንብ በማይሟሟትና ሽፋኑን በዝግታ በሚያልፉት ላይ ነው። ዲጎክሲንን እንይ፦ 0.25 ሚሊግራም በአንድ ብርጭቆ ውሃ፣ በ250 ሚሊሊትር ሲሟሟ 1.3 ማይክሮሞላር (የክምችት መለኪያ) ገደማ ብቻ ነው። ይህ ፓምፑን ከማጥገብ እጅግ የራቀ ነው። ስለዚህ በዲጎክሲን ላይ ፓምፑ ሲታገድም ሆነ ሲጨምር ለውጡ ወዲያው በደም መጠን ይታያል።

የ250 ሚሊሊትሩ ስሌት ሌላም ጥቅም አለው። አንድ አዲስ መድኃኒት የአንጀትን ፓምፕ ያግድ እንደሆነ ለመገመት፣ በ2024 የጸደቀው ኤም12 የተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ የሚጠቀመው በዚሁ ነው። መጠኑን ለ250 ሚሊሊትር አካፍል፤ ውጤቱን ፓምፑን በግማሽ ለማገድ ከሚበቃው ክምችት ጋር አነጻጽር፤ 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ በሰው ላይ ጥናት ይጠበቅብሃል። ለምሳሌ ሞለኪዩሉ 500 ዳልተን የሆነ፣ 200 ሚሊግራም የሚሰጥ መድኃኒት 1600 ማይክሮሞላር ይሆናል። በግማሽ የሚያግደው 10 ማይክሮሞላር ከሆነ ጥምርታው 160 ነው፤ ያለ ጥርጥር ሊጠና ይገባዋል። ደም ውስጥ ያለው ክምችት ከ1 ማይክሮሞላር በታች የሆነ መድኃኒት እንኳ አንጀት ላይ እንዲህ ኃይለኛ ሊሆን ይችላል።

እንክብሉን ለመሥራት የሚገቡ ረዳት ነገሮችም ሊቆጠሩ ይገባል። ፖሊሶርቤት 80፣ ክሬሞፎር ኢኤልና ከቫይታሚን ኢ የሚሠራው ቲፒጂኤስ ፓምፑን ያዳክማሉ። አምራቹ ረዳቱን ሲለውጥ ወደ ደም የሚገባው መጠን ሊለወጥ የሚችለው አንድም በዚህ ነው።

በላቦራቶሪ፦ ምን ይበላሻል?

ጤናማ የአንጀት ናሙና ላይ ፓምፖቹን በአንቲቦዲ ቀለም ማየት ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም አሳሳች ውጤት የሚበዛበት ሥራ ነው። አንጀት ከሰውነት ሲለይ በራሱ ኢንዛይሞች መፈጨት ይጀምራል፤ መጀመሪያ የሚረግፈው ደግሞ የቪላይ ጫፍ፣ ማለትም ፒ-ግላይኮፕሮቲን ያለበት ቦታ ነው። ናሙናው በ30 ደቂቃ ውስጥ 10% ኒውትራል ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ፣ ጫፉ ረግፎ ጉድጓዱ ብቻ ይቀርና ፕሮቲኑ የለም ተብሎ ይጻፋል። በነበረ ነገር ላይ የለም ማለት በዚህ ሥራ የከፋው ስሕተት ነው፤ ከዕጢው ጋር ሲነጻጸር ዕጢው አዲስ ነገር ያፈራ ያስመስለዋልና።

ከዚያ ናሙናው በፓራፊን ተቀብሮ በ4 ማይክሮሜትር ውፍረት ይቆረጣል። ቁርጡ ከአንጀቱ ገጽ ጋር ቀጥ ያለ ካልሆነ ቪላይ ከላይ እስከ ታች አይታዩም፤ የትኛው ጫፍ የትኛው ጉድጓድ እንደሆነ አይለይም። ፎርማሊን የሸፈነውን የፕሮቲን ክፍል ለመግለጥ በፒኤች 6.0 ሲትሬት ውስጥ ከ95 እስከ 98 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ20 ደቂቃ ይሞቃል። የአካሉ የራሱ ፐርኦክሲዴዝ፣ ያለ አንቲቦዲው ቀለም ሊያወጣ የሚችለው ኢንዛይም፣ በ3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለ10 ደቂቃ ይዘጋል። ጉበትና አንጀት የራሳቸው ባዮቲን ስላላቸው፣ በባዮቲን የሚሠራ ማሳያ ከተመረጠ ሴሉ በሙሉ ቡናማ ይሆናል፤ ባዮቲን የሌለው ማሳያ መምረጥ ይሻላል።

አንቲቦዲው ራሱ ሌላ ወጥመድ ነው። ሲ219 ፒ-ግላይኮፕሮቲንን ይይዛል፤ ግን የቅርብ ዘመዱን ኤቢሲቢ4ንም ይይዛል፣ የጡንቻ ማዮሲንም ላይ ያርፋል። የአንጀት የጡንቻ ንብርብር ከቀለመ ደስ አይበላችሁ። ሲ494 ደግሞ ፓይሩቬት ካርቦክሲሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ይነካል፤ በጉበት ሴል ውስጥ ጥራጥሬ መሰል ቀለም ካያችሁ ፓምፑ ሳይሆን ሚቶኮንድሪያው ነው። ቢያንስ ሁለት፣ የፕሮቲኑን የተለያየ ክፍል የሚይዙ አንቲቦዲዎች ካልተስማሙ ውጤቱ አይታመንም። ማነጻጸሪያ ሆኖ የሚሄደው የአድሬናል ዕጢ ወይም የኩላሊት ቱቦ ነው፤ እነዚህ ካልቀለሙ ሥራው ከሽፏል።

በትክክል የወጣ ስላይድ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ልዩ ነው። በቪላይ ጫፍ ዙሪያ፣ በሴሎቹ የላይኛው ጠርዝ ላይ ብቻ ቀጭን፣ ያልተቋረጠ ቡናማ መስመር ይሄዳል። የሴሉ አካል ነጻ ነው። ወደ ጉድጓዱ ሲወረድ መስመሩ እየሳሳ ይጠፋል። ከኒውክለሱ በላይ ያለ ነጠብጣብ ገና በመሠራት ላይ ያለ ፕሮቲን ሊሆን ስለሚችል እንደሚሠራ ፓምፕ አይቆጠርም። ንፍጥ የሚያመነጩት ሴሎችም ቀለም ይይዛሉ፤ እሱ አይቆጠርም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጠንከር አድርገን እንበል። ከዕጢ ጎን የተቆረጠ ሽፋን ጤናማ ቢመስልም ጤናማ ማነጻጸሪያ አይደለም፤ በቁጣና በዕጢው ተጽዕኖ የፓምፖቹ መጠን ሊለወጥ ይችላል። የጂኑ መልእክት (ፕሮቲኑ የሚሠራበት የጂኑ ቅጂ) መብዛትም ፕሮቲኑ በዝቷል ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይስማሙም።

ሥራውን ለመለካት ካኮ-2 የተባሉት ሴሎች ይጠቅማሉ። በማጣሪያ ላይ ለ21 ቀን ሲያድጉ አንጀት መሰል ሽፋን ይሆናሉ። መድኃኒቱ ከላይ ወደ ታች የሚያልፍበትና ከታች ወደ ላይ የሚመለስበት ፍጥነት ይለካል። የመልሱ ፍጥነት የመግቢያውን 2 እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ፓምፑን የሚያግድ ነገር ሲጨመርም ጥምርታው ቢያንስ በግማሽ ከወረደ፣ መድኃኒቱ የፓምፑ ደንበኛ ነው። የሽፋኑ የኤሌክትሪክ መቋቋም ሳይለካ የተሠራ ሙከራ ግን ዋጋ የለውም፤ በሴሎቹ መካከል ቀዳዳ ካለ ሁሉም ነገር እኩል ይፈስሳል። ካኮ-2 ከትልቁ አንጀት ካንሰር የመጣ መሆኑም አይዘነጋ።

ለካንሰር ሕክምና ምን ማለት ነው?

ከአንጀት፣ ከጉበት፣ ከኩላሊትና ከአድሬናል የሚነሡ ዕጢዎች ገና ሳይታከሙ ብዙ ፒ-ግላይኮፕሮቲን አላቸው። ከወላጅ ሴላቸው የወረሱት ነው። በኬሞቴራፒ ብዛት ከተላመደ የደም ካንሰር ጋር አንድ አድርጎ ማየት አይገባም፤ በደም ካንሰሩ ለውጡ ከሕክምናው በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ በአንጀቱ ግን ከመጀመሪያው ነበረ። ዶክሶሩቢሲን፣ ቪንክሪስቲንና ፓክሊታክሰል በትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ ብዙም ያልረዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። ዛሬ የሚሠራባቸው 5-ፍሎሮዩራሲልና ኦክሳሊፕላቲን የፒ-ግላይኮፕሮቲን ደንበኞች አይደሉም። ኢሪኖቴካን ደግሞ በሰውነት ውስጥ ሲቀየር የሚሰጠው ኤስኤን-38 ቢሲአርፒን ያገኘዋል።

ፓምፑን ማገድ አይቻልም ወይ የሚለው ጥያቄ ለአሥርት ዓመታት ተሞክሯል። የልብ መድኃኒቱ ቬራፓሚል ፓምፑን ያግዳል፤ ግን የሚፈለገው መጠን ልብን ይጎዳል። ቫልስፖዳር የተባለ ሌላ ማገጃ ሲመጣ ሌላ ችግር ተከተለ፦ ጤናማው ጉበትና አንጀትም ስለታገዱ ኬሞቴራፒው ከሰውነት ሳይወጣ ቆየ፤ መጠኑም መቀነስ ነበረበት። ዕጢው ላይ የተገኘው ጥቅም በዚህ ተበላ። ችግሩን ለማለፍ ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም የማይገባ ኤንሴኪዳር የተባለ ማገጃ ተሠርቶ፣ ፓክሊታክሰል በአፍ እንዲሰጥ ተሞክሮ ነበር፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2021 አልተቀበለውም፤ ካነሣቸው ስጋቶች አንዱ የነጭ ደም ሴሎች መውረድ ያስከተለው ጉዳት ነበር።

ለሕመምተኛና ለመድኃኒት ባለሙያ

ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ለሳንባ ኢንፌክሽን ክላሪትሮማይሲን ታዘዘለት እንበል። ክላሪትሮማይሲን የአንጀቱንም የኩላሊቱንም ፒ-ግላይኮፕሮቲን ያግዳል። የሚገባው ይጨምራል፣ የሚወጣው ይቀንሳል። በጥቂት ቀናት ውስጥ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ያቅለሸልሻል፣ ነገር ቢጫ ሆኖ ሊታይ ይችላል፣ የልብ ምት ይዘገያል። የምግብ ፍላጎት ማጣቱ በኢንፌክሽኑ ይሳበብና ይታለፋል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የልብ ምት ማስተካከያዎቹ አሚዮዳሮን ወይም ኪኒዲን ሲጨመሩ የዲጎክሲን መጠን ከ30 እስከ 50% አስቀድሞ ይቀነሳል፤ ደም ይለካል።

ኮልቺሲን ለሪህ የሚወስዱም እንዲሁ ይጠንቀቁ። የተለመደው የሕመም ማስታገሻ መጠን 1.2 ሚሊግራም፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 0.6 ሚሊግራም ነው። ሳይክሎስፖሪን ለሚወስድ ግን 0.6 ሚሊግራም አንዴ ብቻ ነው፤ ሦስት ቀን ሳይሞላ አይደገምም። ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ ለደከመ ሰው ኮልቺሲንና ክላሪትሮማይሲን አንድ ላይ አይሰጡም፤ ሰው የሞተበት ጥምረት ነው። ሎፐራማይድ በተለመደው መጠን አንጎልን የማያደነዝዘው ፒ-ግላይኮፕሮቲን ስለሚመልሰው ነው፤ ከኪኒዲን ጋር ሲሰጥ ትንፋሽን እንደሚያዳክም በጤነኞች ላይ ታይቷል።

የተተካ አካል ያላቸውና ታክሮሊመስ የሚወስዱ ሰዎች ብርቱ ተቅማጥ ሲይዛቸው መድኃኒቱ ታጥቦ ይወጣል ብለው ይሰጋሉ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። የቪላይ ጫፍ ሲጎዳ ፓምፑም ኢንዛይሙም ስለሚቀንሱ የታክሮሊመስ መጠን በደም ይጨምራል፤ ኩላሊትን ይጎዳል። በራስ ፈቃድ መጠን መጨመር አይገባም፤ ደም ይለካ።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ፓምፑን ያበዛል። በ1999 በወጣ ጥናት ጤነኛ ሰዎች በቀን 600 ሚሊግራም ሲወስዱ በዱኦዲነማቸው ያለው ፒ-ግላይኮፕሮቲን 3.5 እጥፍ ሆነ፤ በአፍ የተሰጠው ዲጎክሲን ወደ ደም የሚገባውም ቀነሰ። የደም መርጋት መከላከያው ዳቢጋትራን በሪፋምፒሲን ሁለት ሦስተኛው ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አብረው አይሰጡም። ለድብርት የሚወሰደው ሴንት ጆንስ ዎርት (የቅዱስ ዮሐንስ ዕፅ) የተባለው ተክልም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስለሚገዛም ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። የማብዛቱ ሥራ አዲስ ፕሮቲን መሥራት ስለሚፈልግ በአንድ ቀን አይመጣም፤ እስኪሞላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል።

ሪፋምፒሲኑ ሲቆምም እንዲሁ በዝግታ ይወርዳል፤ ሁለት ሳምንት ገደማ። በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ወቅት የዲጎክሲን ወይም የታክሮሊመስ መጠን ተጨምሮለት የነበረ ሰው ሕክምናውን ሲጨርስ መጠኑ ሳይቀነስ ከቀረ፣ መመረዙ የሚመጣው ከመጨረሻው የሪፋምፒሲን እንክብል በኋላ ባሉት በእነዚህ ሳምንታት ነው። መድኃኒቱ የሚቆምበት ቀን በሕመምተኛው ካርድ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ከዚያ ቀን በኋላ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሳምንት ደም ይለካ።